«ክፍት» ተብሎ የተዘጋ ሜዳ

ስለ ጎልፍ ልንጽፍ ነው ብለን ስናወራ ከመካከላችን አንዱ ሳቀ። «ጎልፍ ደግሞ ምናችን ነው? የጌቶች ሽርሽር አይደለም እንዴ!» አለን። አልተሳሳተም። ጎልፍ ሲነሣ በዐይናችን የሚመጣው የለመለመ መስክ፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ ጌታና ከኋላው ከባድ ከረጢት ተሸክሞ ኩስ ኩስ የሚል ልጅ ነው። እኛ የመረጥነው ታሪክ ግን የጌታውን ሳይሆን የተሸካሚውን ነው። ያ ልጅ አንድ ቀን ከረጢቱን መሬት አስቀምጦ ዱላውን ቢያነሣና ከጌታው የተሻለ ቢመታስ? ምን ይደርስበታል? ጥያቄያችን ይህ ነው። መልሱን የምንፈልገውም በልብ ወለድ ሳይሆን በእውነተኛ ታሪክ፣ ቻርሊ ሲፎርድ በሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሕይወት ውስጥ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እናስረዳ። ጎልፈኛ ትንሽ ጠንካራ ኳስ በዱላ እየመታ፣ ብዙ ጊዜ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ርቆ ወዳለ ጉድጓድ ያስገባል። አንድ ሙሉ ዙር 18 ጉድጓድ ነው። ታላላቆቹ ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀን ስለሚፈጁ ባጠቃላይ 72 ጉድጓድ ይሆናል። የሚያሸንፈውም ብዙ ጊዜ የመታ ሳይሆን ጥቂት ጊዜ የመታ ነው። አንዱን ዙር በ70 ምት አካባቢ የጨረሰ ጎበዝ ነው፤ በ63 ወይም በ64 የጨረሰ እንደሆነ ግን በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ስሙ ይወጣል። እንግዲህ በጎልፍ ዳኛው ቁጥር ነው ማለት ነው። ቁጥር ደግሞ የቆዳ ቀለም አያውቅም። ጣጣው የመጣው ከቁጥሩ አይደለም፤ ለመቆጠር ማን ይግባ፣ ማን በር ላይ ይቅር ከሚለው ነው።

ሲፎርድ ሰኔ 2 ቀን 1922 በሰሜን ካሮላይና ግዛት በሻርሎት ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ በነጮች የጎልፍ ክለብ «ካዲ» ሆኖ መሥራት ጀመረ። ካዲ ማለት የጎልፈኛውን ከረጢት ተሸክሞ አብሮ የሚዞር፣ ኳሷ የወደቀችበትን የሚፈልግ፣ ዱላ የሚያቀብል ነው። በቀን ከሚያገኛት 60 ሳንቲም ሃምሳዋን ለእናቱ ይሰጥ ነበር፤ በቀረችው አሥር ሳንቲም ሲጋር ይገዛል። ያ ሲጋር እስከ እርጅናው ድረስ ከአፉ አልተለየም፤ የስሙ ምልክት ሆኖ ቀረ። ካዲዎቹ ሜዳው ለአባላት በሚዘጋበት ቀን እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸው ስለነበር ልጁ በዚያች ቀን ጨዋታውን ተማረ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ከብዙ አዋቂ ተጫዋቾች የተሻለ ይመታ ነበር።

በዚያው ዘመን፣ በ1934፣ የአሜሪካ ሙያተኛ ጎልፈኞች ማኅበር (ባጭሩ ፒ.ጂ.ኤ.) በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አባልነት ለነጭ ዘር ብቻ ነው የሚል አንቀጽ አስገባ። ሲፎርድ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ በጆርጂያ ግዛት፣ በኦገስታ ከተማ፣ በኋላ «ማስተርስ» የተባለው ታላቅ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ እንመለስባቸዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ስሕተት ይሆንብናል። ጥቁር ሰው ከጎልፍ ውጭ የነበረው «ከጥንትም ስለማያውቀው» ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። በ1896፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ጆን ሺፐን የሚባል ጥቁር ወጣት ገብቶ ከፊተኞቹ ተርታ ጨርሷል። ነጮቹ ሙያተኞች «እሱ ከገባ እኛ እንወጣለን» ብለው ሲያስፈራሩ የዚያን ጊዜው የበላይ ኃላፊ እሺ አላላቸውም፤ ልጁ ተጫወተ። በ1899 ደግሞ ኳሷ ለመጀመሪያው ምት የምትቀመጥባትን ትንሽ የእንጨት ችካል ሠርቶ የፈጠራ መብት ያወጣባት ጆርጅ ግራንት የሚባል ጥቁር የጥርስ ሐኪም ነው። ስለዚህ በሩ ጥንትም ዝግ አልነበረም፤ ሰዎች በኋላ ተሰብስበው፣ ተወያይተው፣ ድምፅ ሰጥተው ዘጉት። ሰው የዘጋውን ሰው ሊከፍተው ይችላል፤ ግን ስንት ዘመን ይፈጃል?

ሲፎርድ በ17 ዓመቱ ከደቡብ ወጥቶ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። እዚያ ኮብስ ክሪክ የሚባል የሕዝብ የጎልፍ ሜዳ ነበር። ጥቁሮች ይጫወቱበታል፤ ጎበዛዝቱም ከዚያ አይጠፉም። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ወታደር ሆኖ እስከ ኦኪናዋ ዘለቀ። ሲመለስ ቢሊ ኤክስታይን ከሚባለው ስመ ጥር ዘፋኝ ጋር ተቀጠረ፤ መኪና ይነዳለታል፣ ጉዳዩን ይፈጽምለታል፣ ጎልፍም ያስተምረዋል። በትርፍ ጊዜው ጥቁሮች ለራሳቸው ባቋቋሙት ማኅበር ውድድሮች ላይ ይካፈል ነበር። የዚያ ማኅበር ታላቁ ውድድር ብሔራዊው የጥቁሮች ሻምፒዮና ነው። ሲፎርድ ከ1952 እስከ 1956 አምስት ዓመት በተከታታይ፣ በኋላም በ1960 አንድ ጊዜ፣ በድምሩ ስድስት ጊዜ አሸንፏል። ሽልማቱ ግን ነጮቹ ከሚያገኙት ጋር ሲወዳደር የመንገድ ወጪ እንኳ በቅጡ የሚሸፍን አልነበረም።

በ1947 ጃኪ ሮቢንሰን በቤዝቦል የቀለሙን አጥር ሰብሮ ገባ። ሲፎርድ ሮቢንሰንን አግኝቶ በጎልፍም እንዲሁ ለማድረግ እንዳሰበ ነገረው። ሲፎርድ በኋላ እንዳወራው፣ ሮቢንሰን የጠየቀው ስለ ችሎታው አልነበረም፤ ሲከፋህ ጥለህ የምትሄድ ሰው ነህ ወይ ብሎ ነው የጠየቀው። አይደለሁም አለ። እንግዲያው ሞክር፣ ግን ብዙ ክፉ ነገር ይጠብቅሃል አለው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሮቢንሰን ከአጠገቡ የሚሰለፉ ጓደኞች፣ ያስገባው ቡድንም ነበረው። ጎልፈኛ ብቻውን ነው። ከኋላው የቆመው ተመልካች ሊመታ ሲል ቢያስልበት፣ ኳሱን በእግሩ ወደ ቁጥቋጦ ቢገፋበት፣ ማን ያይለታል?

*

የሲፎርድን ታሪክ ብቻውን ብናወራ ግማሹን ደበቅን ማለት ነው። ከሱ ፊት የሄዱ ነበሩ። ቢል ስፒለር የኮሌጅ ምሩቅ ነው፤ ነገር ግን ኑሮውን የሚገፋው በሎስ አንጀለስ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ በመሸከም ነበር። ጎልፍ የጀመረው ወደ ሠላሳ ዓመት ሊጠጋ ሲል ነው። በ1948 የሎስ አንጀለስ ውድድር መጀመሪያ ቀን 68 መትቶ በዘመኑ አንደኛ ከሚባለው ከቤን ሆገን ጋር እኩል ሆነ። በውድድሩ ባገኙት ውጤት እሱና የናሽቪሉ ቴድ ሮድስ በካሊፎርኒያው የሪችመንድ ውድድር የመሰለፍ መብት አገኙ። እዚያ ሲደርሱ ግን ማኅበሩ «የፒ.ጂ.ኤ. አባል አይደላችሁም» ብሎ ከለከላቸው። አባል እንዳይሆኑ የከለከላቸውስ ማን ሆነና! ስፒለርና ጓደኞቹ ጠበቃ ይዘው 315,000 ዶላር ካሣ ጠየቁ። ማኅበሩ ከፍርድ ቤት ውጭ እንታረቅ፣ ከእንግዲህ አድልዎ አናደርግም ብሎ ቃል ገባ፤ ክሱም ተነሣ።

ታዲያ ማኅበሩ ምን አደረገ መሰላችሁ? ቃሉን አላፈረሰም፤ ቃላት ለወጠ። እስከዚያ ድረስ ውድድሮቹ «ክፍት» ነበር የሚባሉት። ክፍት ነው ከተባለ ችሎታ ያለው ሁሉ ይግባ ማለት ነው። አሁን «የግብዣ ውድድር» ተባሉ። ለተጋበዘ ብቻ ነው እንግዲህ። ጥቁር አይግባ ያለ የለም፤ የጋበዘው ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው! እኛ ቃላት የምንወድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ይህች ነገር ከሁሉ ይልቅ ትከነክነናለች። አንድ ቃል በሌላ ሲተካ የሰው እንጀራ እንደሚዘጋ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከወዴት ይመጣል?

በ1952 ነገሩን ያፈነዳው ስሙ ለኛ አገር ሰው እንግዳ ያልሆነ ሰው ነው፤ የቦክስ ሻምፒዮኑ ጆ ሉዊስ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ በሰኔ 1935፣ በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ግዙፉን ኢጣልያዊ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር የዘረረው እሱ ነው። ያን ግጥሚያ ጥቁር አሜሪካውያን የኢትዮጵያና የኢጣልያ ግጥሚያ አድርገው ነበር ያዩት። ያው ጆ ሉዊስ የጎልፍ ፍቅር የያዘው ሰው ነበር፤ ቴድ ሮድስን አስተማሪው አድርጎ ቀጥሮት ነበር። በ1952 መጀመሪያ በሳንዲያጎ ውድድር እንዲካፈል ከተጋበዘ በኋላ ማኅበሩ ስፒለርን ብቻ ሳይሆን እሱንም ሊከለክል ሲነሣ ሉዊስ ነገሩን ለጋዜጦች አወጣው። የዓለም ሻምፒዮን የነበረ፣ በጦርነቱም ጊዜ ወታደር ሆኖ ያገለገለ ሰው በር ላይ ቆሞ ቀረ ሲባል አገሩ ተንጫጫ። ማኅበሩ ሉዊስን በአማተርነት አስገባው። ስፒለርን ግን ሙያተኛ ስለሆነ በደንቡ አይገባም አለ። ስፒለር በመነሻው ቦታ ላይ ቆሞ ተቃውሞውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ክፍል ከጋበዛቸው ጥቁሮች ሊጫወቱ ይችላሉ ተባለ፤ አባልነቱ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ።

ሲፎርድም በዚህች ቀዳዳ ነው የገባው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአሪዞና በፊኒክስ ውድድር ማጣሪያ ከሉዊስና ከሌሎች ጥቁር ጎልፈኞች ጋር ተመድቦ በማለዳ ወጣ። መጀመሪያው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ውስጡ የሰው ዐይነ ምድር ተሞልቶ አገኙት። ሌሊት ሰው ሆን ብሎ መጥቶ ያደረገው ነው። ጉድጓዱ እስኪለወጥ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያም ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ ነገር ተጨማሪ ቃል አንጨምርም። አንባቢ ግን አንድ ነገር ያስብ፤ ይህን ካየ በኋላ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ትንሿን ኳስ ወደ ጉድጓድ መግፋት ያለበት ሰው ምን ዓይነት ልብ ያስፈልገዋል?

ልቡ እንደነበረው በ1955 በካናዳው ብሔራዊ ውድድር ታየ። በመጀመሪያው ቀን 63 መትቶ ሁሉንም መራ። በአንድ ምት ተከትሎት የዋለው አርኖልድ ፓልመር የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ነበር። በመጨረሻ ያሸነፈው ፓልመር ነው፤ የሙያተኛነቱም የመጀመሪያ ድል ይህ ሆነ። እዚህ ላይ የሁለቱን ሰዎች መንገድ ጎን ለጎን አስቀምጠን እንየው። ፓልመር ከዚያ በኋላ ኦገስታ እየተጋበዘ በ1958፣ በ1960፣ በ1962 እና በ1964 ማስተርስን አራት ጊዜ አሸነፈ፤ ስሙ በዓለም ናኘ። ፓልመር የሚደነቅ ጎልፈኛ ነበር፤ ነገሩ የሱ ጥፋት አይደለም። በዚያች ቀን አንድ ምት የበለጠው ሰው ግን በኦገስታ አንድ ጊዜ እንኳ ዱላ አላነሣም። ሁለት ሰዎች በአንድ መስመር ላይ ቆመው አንዱ መንገድ ይሰጠዋል፣ ሌላው ግድግዳ። በ1957 ሲፎርድ በካሊፎርኒያ የሎንግ ቢች ውድድርን በመለያ ጨዋታ አሸነፈ፤ ታላላቅ ስም ያላቸው ነጮች ተካፍለውበታል። ውድድሩ ግን በማኅበሩ መዝገብ ከዋናዎቹ ተርታ ስላልነበረ እንደ ሙሉ ድል አልተቆጠረለትም።

*

በ1960 ሲፎርድ በውድድሮች ለመካፈል የሚያስችል ካርድ ተሰጠው። አባልነት አይደለም፤ «የተፈቀደለት ተጫዋች» ነው የተባለው። በሚያዝያ 1961 በዚያው በተወለደበት ግዛት፣ በግሪንስቦሮ ከተማ፣ ለመወዳደር ገባ። ከተማዋን አንባቢ ያስታውሳት ይሆናል። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በየካቲት 1 ቀን 1960፣ እንደኛው ተማሪ የሆኑ አራት ጥቁር ወጣቶች ለነጭ ብቻ በተባለ የምግብ መደርደሪያ ፊት ተቀምጠው አንነሣም ያሉባት ከተማ ናት። ሲፎርድ በመጀመሪያው ቀን 68 መትቶ መራ። በዚያች ሌሊት ስልክ ተደወለለት። ነገ ሜዳው ላይ ከወጣህ እንገድልሃለን የሚል ነበር። በማግስቱ ወጣ። ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ ጥቂት ነጮች እየተከተሉ ሲሰድቡት፣ ሊመታ ሲል ሲጮኹበት ዋሉ። አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው «4ኛ» የሚል ብቻ ነው። ጥያቄ ለአንባቢ፦ ያች «4ኛ» ከስንት አንደኛነት ትበልጣለች?

አንቀጹ እንዴት ተሰረዘ? ማኅበሩ ልቡ ራርቶ እንዳይመስላችሁ። ስፒለር ኑሮ ከብዶት በሎስ አንጀለስ ካዲ ሆኖ ይሠራ ነበር። ከረጢቱን ለሚሸከምለት አንድ ጎልፈኛ ስለ አንቀጹ አጫወተው። ሰውየው «እንዲህ ያለ ነገር ሕጋዊ ሊሆን አይችልም» ብሎ ለካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለስታንሊ ሞስክ ነገረ። ሞስክ ነገሩን አጣርቶ ማኅበሩ በዘር አድልዎ እያደረገ በካሊፎርኒያ የሕዝብ ሜዳዎች ላይ ሊወዳደር አይችልም አለ። ማኅበሩ ደግሞ የ1962ን ሻምፒዮናውን በሎስ አንጀለስ ሊያካሂድ አቅዶ ነበር። መጀመሪያ ውድድሩን ወደ ፔንሲልቫኒያ አሸሸው። ሞስክ የሌሎች ግዛቶችንም ዐቃቤያነ ሕግ ማነሣሣት ሲጀምር ግን የሚሸሽበት አጣ። በኅዳር 1961 «ለነጭ ዘር ብቻ» የሚለው አንቀጽ ተሰረዘ። 27 ዓመት ሕግ ሆኖ የኖረ ቃል በአንድ ስብሰባ ጠፋ።

እንግዲህ እንቁጠር። አንቀጹ ሲጻፍ ሲፎርድ 12 ዓመቱ ነበር፤ ሲሰረዝ 39። የአንድ ጎልፈኛ ጉልበትና ዐይን የሚበረታው በእነዚህ ዓመታት መካከል ነው። ሕጉ ሰውየውን አልገደለውም፤ ምርጥ ዘመኑን ብቻ በልቶ፣ ትርፍራፊውን ሰጠው። ሙሉ አባል የሆነውም ገና በ1964 ነው። ስፒለር ደግሞ ሲሰረዝ 48 ዓመቱ ነበር። በሩን ያስከፈተው ሰው ሳይገባበት መሸበት።

በትርፍራፊው ዘመን ሲፎርድ ምን ሠራ? በነሐሴ 1967 በኮነቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ውድድር በመጨረሻው ቀን 64 መትቶ በአንድ ምት ልዩነት አሸነፈ። 45 ዓመቱ ነበር። ሽልማቱ 20,000 ዶላር፤ ከ60 ሳንቲሟ እዚህ መድረሱ ነው። በጥር 1969 ደግሞ ራንቾ ፓርክ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ከተማ የሕዝብ ሜዳ ላይ በመጀመሪያው ቀን 63 መታ። እስከ መጨረሻው ቀን ታግሎ ከደቡብ አፍሪካዊው ሃሮልድ ሄኒንግ ጋር እኩል ጨረሱ። በመለያው የመጀመሪያ ጉድጓድ ላይ ሲፎርድ ከተመደበው በአንድ ያነሰ ምት አስገብቶ ዋንጫውን ወሰደ። 46 ዓመት ከሰባት ወሩ ነበር።

ሄኒንግ ክፉ ሰው ነበር አንልም። የመጣባት አገር ግን የዚያን ጊዜ በአፓርታይድ ሥር ነበረች። እዚያም እንደ ሲፎርድ ካዲ ሆኖ ያደገ፣ ፓፕዋ ሴውጎሉም የሚባል የሕንድ ዘር ያለው ጎልፈኛ በ1963 የናታልን ውድድር ሲያሸንፍ፣ ወደ ነጮቹ የክለብ አዳራሽ እንዳይገባ ተከልክሎ ዋንጫው ደጅ፣ ዝናብ ላይ ተሰጠው። በኋላ ጭራሹኑ እንዳይወዳደር ታገደ። በሎስ አንጀለስ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሣር ላይ ቆመው በቁጥር ብቻ ሲለዩ ማየት በዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አልነበረም።

*

አሁን ወደ ኦገስታ እንመለስ። የማስተርስ ውድድር ከሌሎቹ የሚለየው ተጋባዦቹን ራሱ የሚመርጥ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን የፒ.ጂ.ኤ. ውድድር ያሸነፈ ሁሉ ይገባል የሚል ደንብ አልነበረም። ስለዚህ የ1967ቱም የ1969ኙም ድል ለሲፎርድ በር አልከፈተለትም። ደንቡ ተለውጦ አሸናፊ ሁሉ በቀጥታ ይጋበዝ የተባለው በ1972 ነው። ያን ጊዜ ሲፎርድ ወደ ሃምሳ ተጠግቷል፤ ድጋሚም አላሸነፈም። ስለዚህ በዕድሜ ልኩ ማስተርስን አልተጫወተም። በዚያ ሜዳ ላይ ጥቁር ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ እስከ 1982 ድረስ ከረጢቱን የሚሸከሙት የክለቡ ካዲዎች ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ። ሣሩን ጥቁር ረግጦታል፤ ዱላ ይዞ ግን አይደለም።

ያን ሣር ዱላ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው ሊ ኤልደር ነው። በ1974 በፍሎሪዳ በፔንሳኮላ አሸንፎ፣ በሚያዝያ 1975 ኦገስታ ገባ። ከመግባቱ በፊት በደረሱት የማስፈራሪያ ደብዳቤዎች የተነሣ ለደኅንነቱ ሁለት ቤት ተከራይቶ እየቀያየረ አደረ። 74 እና 78 መትቶ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ሳያልፍ ቀረ። ኤልደር በኋላ እንደ ተናገረው፣ በሁለተኛው ቀን ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ሲመጣ የክለቡ ጥቁር ሠራተኞች፣ ወጥ ሠሪው፣ አስተናጋጁ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ወጥተው አጨበጨቡለት። በውጤቱ ከተሸናፊዎቹ አንዱ ነው። እነዚያ ሠራተኞች ግን ምን እንዳዩ ያውቃሉ። ሲፎርድ ደግሞ በዚያው በ1975 የሙያተኛ አንጋፋዎችን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ አንጋፋ ለመባል ደርሶ!

ከዚያ 22 ዓመት አለፈ። በሚያዝያ 1997 ታይገር ዉድስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ኦገስታን በ270 ምት፣ ሁለተኛውን በ12 ምት በልጦ አሸነፈ። በድሉ ሰዓት የሲፎርድን፣ የኤልደርንና የሮድስን ስም ጠርቶ አመሰገነ፤ ኋላም ለልጁ የሲፎርድን ስም አወጣለት። ክብሩም ዘግይቶ መምጣት ጀመረ። በ2004 ሲፎርድ በዓለም የጎልፍ የዝነኞች አዳራሽ ስሙ ገባ። በ2006 የጎልፍ እናት ከተማ በምትባለው በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርስቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በ2009 ማኅበሩ ለስፒለር፣ ለሮድስና ለሺፐን አባልነት ሰጠ፤ ሦስቱም ከሞቱ ከርመዋል። በኅዳር 2014 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሲፎርድ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳልያ በአንገቱ አጠለቁለት። ከሦስት ወር ባልበለጠ ጊዜ፣ የካቲት 3 ቀን 2015፣ በ92 ዓመቱ ዐረፈ።

አንዳንዱ ይህን አንብቦ «በመጨረሻ እውነት አሸነፈች» ብሎ ገጹን ይዘጋው ይሆናል። እኛ እንዲህ በቀላሉ መዝጋት አልቻልንም። የመዝገብ መጽሐፍ ስለ ሲፎርድ የሚለው፦ በዋናዎቹ ውድድሮች 422 ጊዜ ተሰለፈ፣ 2 ጊዜ አሸነፈ። ቁጥሩ ትክክል ነው። አንድም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ከ17 ዓመቱ እስከ 39 ዓመቱ ድረስ ሊሰለፍባቸው ይችል የነበሩት ውድድሮች በየትኛው ገጽ ተጻፉ? ያልተመቱ ምቶችን ማን ይቆጥራል? መዝገብ የሆነውን እንጂ የተከለከለውን አይመዘግብም፤ ስለዚህ ትክክለኛ መዝገብ እንኳ ግማሽ እውነት ሊሆን ይችላል። የታሪክ ተማሪ ሥራው ይህን ሌላውን ግማሽ መፈለግ ይመስለናል።

ሌላም አለ። ሜዳልያው የአንድ ሰው አንገት ላይ ነው የሚጠለቀው፤ በሩን የገፉት ግን ብዙ እጆች ናቸው። ሻንጣ ተሸካሚው ስፒለር ከሰሰ፣ ተሟገተ፣ ተሸነፈ፣ ደግሞ ተሟገተ። ቦክሰኛው በስሙ ጮኸ። የሕግ ሰው ፈረመ። ሲፎርድም ሲጋሩን ነክሶ ዝም ብሎ መታ። «ዝም ብሎ መጫወት ነው ወይስ መሟገት?» እያልን ብዙ ጊዜ እርስ በርሳችን እንጨቃጨቃለን፤ የዚህ ታሪክ መልስ አንዱ ያለ ሌላው ባዶ ነው የሚል ነው። የስፒለር ክርክር ባይኖር ሲፎርድ የሚገባበት ቀዳዳ አይገኝም ነበር። ሲፎርድ 64 ባይመታ ደግሞ «ድሮስ ችሎታው የላቸውም» ለሚሉት ምን መልስ ይኖር ነበር?

ሲፎርድ በ1992 የሕይወት ታሪኩን ሲያወጣ መጽሐፉን ብቻ እንድጫወት ተዉኝ የሚል ርእስ ነው የሰጠው። ጀግና በሉኝ አላለም፤ ይቅርታ ጠይቁኝም አላለም። ምኞቱ ለካዲነቱ ዘመን እንኳ የማይበዛ ነበር። ለዚች ትንሽ ምኞት ነው 27 ዓመት ደንብ፣ የሞት ዛቻና የተበከለ ጉድጓድ የተከፈለው። እንግዲህ ጓደኛችን «ጎልፍ ምናችን ነው?» ብሎ ነበር። ጎልፉን እንተወው። በየትም ቦታ «ክፍት ነው» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር ባየን ቁጥር ግን ቀረብ ብለን ገፋ አድርገን እንሞክረው፤ ይከፈት እንደሆነ ያን ጊዜ እናያለን።